ለድርብ መርፌ የሚሆን ውኃ

ጥዑመልሳን ወደ ጋምቤላ እንደሚመጣ ኛሬአት የሰማችው ከሲስተር አበዛሽ ቢሮ በር ላይ ቆማ ነው። ሲስተር አበዛሽ የማሠልጠኛ ማዕከሉ ኃላፊ ናቸው፤ ከደጋ መጥተው እዚህ ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩ፣ ሙቀቱንም ሰውንም የለመዱ ነርስ። ደብዳቤው በማራገቢያው ነፋስ እንዳይበር ስቴፕለር ጭነውበት፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«ዶክተር ጥዑመልሳን ይባላል። ሕያው ሕዋስ በድርብ መርፌ ማተምን ሊያሠለጥንልን ነው፤ ሦስት ቀን። ኮሪያ ነው የተማረው፣ ቡሳን። አንቺ የነበርሽበት አይደል? ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ» አለች ኛሬአት።

«ጎበዝ ነው?»

«መመሪያ ጽፏል።»

ሲስተር አበዛሽ መልሱን እንደ ሙገሳ ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ሁለት ገምጋሚዎች ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ፣ ሥልጠናው ካማረላቸው ለቃጠሎ ሕክምና የሚሆነው ላብራቶሪ እዚሁ ማዕከል እንደሚቋቋም፣ ኃላፊዋም ኛሬአት እንደምትሆን ነገሯት። ይህን ያህል ካሉ በኋላ ፊቷን አዩ። ደስ ያላት ሰው ፊት አልነበረም።

ድርብ መርፌ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ቀጭን መርፌ በወፍራም መርፌ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በውጭኛው በኩል ከባሕር አረም የሚወጣ አልጂኔት የሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ ይወርዳል፤ በውስጠኛው ካልሲየም ያለበት ውኃ። ሁለቱ የሚገናኙት ጫፉ ላይ ነው። ካልሲየሙ ሲነካው ዝልግልጉ ወዲያው ይረጋና መሃሉ ክፍት የሆነ፣ እንደ ደም ሥር ያለ ቱቦ ሆኖ ይወጣል። በዝልግልጉ ውስጥ ሕያው ሕዋስ ከተዘራ ያ ቱቦ አንድ ቀን ለተቃጠለ ቆዳ ደም ያደርስ ይሆናል። ያደርስ ይሆናል፤ ኛሬአት ከዚህ አልፋ ምላ አታውቅም። ምድጃ ዳር የተቃጠሉ ሕጻናት በየሳምንቱ በሚመጡበት አገር፣ «ይሆናል»ም ትልቅ ቃል ነው ብላ ግን ታስባለች።

ይህን ቀላል ነገር ለመሥራት ቡሳን ላይ ሦስት ዓመት ተሳሳተች፤ ስሕተቷን ሁሉ በአንድ ሰማያዊ ደብተር ጻፈች። የውስጠኛው መርፌ ጫፍ ከውጭኛው ግማሽ ሚሊሜትር ይውጣ፤ ካልወጣ አፉ ላይ ይረጋና ይዘጋል። ቀጭኑ ከወፍራሙ መሃል ካልቆመ ቱቦው በአንድ ጎኑ ስስ ይሆንና ይቀደዳል። አረፋ ካለ ክሩ ይበጠሳል፤ ስለዚህ የተሞላውን ስሪንጅ አፉን ወደ ላይ አድርገሽ አሳድሪው። ካልሲየም የነካው ስሪንጅ ለአልጂኔት አይመለስም፤ ምንም ቢታጠብ አይመለስም። እንዲህ እያለ ይቀጥላል፤ መቶ ስድስት ገጽ።

ጥዑመልሳን በዚያው ላብራቶሪ ይማር ነበር። ኮምፒውተር ላይ የፈሳሽ ፍሰት ሲያሰላ የሚተካከለው አልነበረም፤ መርፌ ግን አይነካም። «እጄ ይንቀጠቀጣል» ይል ነበር እየሳቀ። የአገሩ ልጅ ስለሆነች «እህቴ» ይላታል፤ በበዓል ቀን ስልክ ይደውልላታል። አባቷ ኢታንግ ላይ የሞተ ጊዜ ለቀብር ስትሄድ፣ ሙከራው እንዳይቆም ብላ ደብተሩን ለእሱ ሰጥታ ሄደች። አርባ ቀን ቆይታ ስትመለስ «በድርብ መርፌ ለማተም ተግባራዊ ምክሮች» የሚል ሃያ ገጽ መመሪያ ታትሞ ጠበቃት። ስሙ ላዩ ላይ ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ ለላብራቶሪው ባልደረቦች ምስጋና ይላል።

ፕሮፌሰሩ ዘንድ ሄደች። ፕሮፌሰሩ ምክር ግኝት አይደለም፣ መርፌ እንዴት እንደሚታጠብ መጻፍ ማንንም ባለቤት አያደርግም አላት። ጥዑመልሳን ደብተሩን መለሰላት፤ ከአንድ ሣጥን የጂንሰንግ ከረሜላ ጋር። ከረሜላውን አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ትታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ላብራቶሪው ውስጥ እጇ አልሠራ አላት፤ ዶክትሬቷን ሳትጨርስ ተመለሰች። አሁንም በመሃል ከተማ ስትሄድ ከባጃጅ ውስጥ «ዶክተር ሆንሽ?» ብሎ የሚጮህ ዘመድ አይጠፋም። «አልሆንኩም» ትላለች፤ ባጃጁ ግን ለመልስ አይቆምም።

ጥዑመልሳን ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ሸሚዙ ነጭ፣ ላቡ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያ የጀመረው። ኛሬአትን ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«እህቴ! እዚህ እንደሆንሽ ሰምቼ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ሳትጨርሺ ስትሄጂ በጣም ነው ያዘንኩት።»

«አውቃለሁ» አለች።

«አሁንም መርፌ ላይ ነሽ?»

«አሁንም።»

መመሪያውን ለአሥራ ሁለቱ ሠልጣኞች ሲያድል ለእሷም አንድ ደረሳት። ገልጣ ያየችው ሥዕሎቹን ነው፤ ከደብተሯ የተገለበጡትን። መርፌውን ይዞ የሚያስተካክለው እጅ በሁሉም ሥዕል ላይ ግራ ነው። እሷ ግራኝ ናት፤ እሱ ቀኙን ነው የሚጠቀመው። እንደገና ለመሣል እንኳ አልደከመም። 

ከዚያ አራተኛው ገጽ ላይ ደረሰች። «የአልጂኔቱን ዱቄት በውኃ አሟሙ» ይላል። በውኃ፤ ሌላ ቃል የለም። ቡሳን ላይ ከግድግዳው ቧንቧ የሚወርደው የላብራቶሪ ውኃ ማዕድኑ ሁሉ የወጣለት ነበርና ማንም ከውኃ ሌላ ስም አይጠራውም፤ እሷም እንደዚያው በእንግሊዝኛ «ውኃ» ብላ ጽፋ ነበር። ግን በኅዳጉ ላይ፣ በኑዌርኛ፣ ሌላም ጽፋለች። እንግሊዝኛው ለቡሳን ነበር፤ ኅዳጉ ለቤት። በእያንዳንዱ ገጽ ጎን፣ ይህን ነገር ጋምቤላ ላይ ብሠራው ምን ይገጥመኛል እያለች ለራሷ ትጽፍ ነበር። በዚህኛው ገጽ ጎን የጻፈችው እንዲህ የሚል ነው፤ ቤት የጉድጓዱ ውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ነጩ ነገር ካልሲየም ነው። ዱቄቱ በእሱ ከተሟሟ መርፌው ጋ ሳይደርስ ይረጋል፤ ዓይን የማያየው ቅንጣት ሆኖ ይዘጋል። ዲስቲልድ ውኃ ከሌለ የዝናብ ውኃ ይሁን።

ጥዑመልሳን ቡሳን ላይ ኅዳጉን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሏት ነበር። መግለጽ ስለታከታት «ጸሎት ነው» አለችው። እሱም ጸሎት የሚያከብር ሰው ነው፤ አልነካውም።

መመሪያውን ዘጋችና ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱ ከልቧ ፈገግ አለችለት።

በምሳ ሰዓት ሲስተር አበዛሽ ከባሮ የወጣ ዓሣ አስጠብሰው በትልልቅ ሳህን አቀረቡ። ሰው ሦስት አራት ሆኖ ይከባል። ጥዑመልሳን ባለበት ሳህን ዙሪያ አንድ ቦታ ተከፍቶ ኛሬአትን ጠሯት። እጇን ታጥባ መጣች፤ ቆመች፤ ሄዳ ከሌላው ሳህን ጥግ ተቀመጠች።

ኳች ይህን አየ። ኳች የአባቷ አጎት ልጅ ነው፤ ኢታንግ ላይ የውኃ ፓምፕ ሲጠግን ኖሮ አሁን የማዕከሉ ቴክኒሻን ነው። ስሪንጅ የሚገፋውን ሞተር ከአሮጌ ፕሪንተር አውጥቶ የሠራላት እሱ ነው። በምሳ ማብቂያ ማንጎው ሥር አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ።

«በእናንተ መካከል ደም አለ?» አለ በኑዌርኛ።

«የምን ደም?»

«ከአንድ ሳህን የማይበሉት ደም ያላቸው ናቸው። እኔ የማውቀው ይሄንን ነው። አንቺ ባሕር ማዶ የተማርሽው ሌላ ከሆነ ንገሪኝ።»

«ደም የለም። ደብተር ነው።»

ነገረችው። ኳች ጥርሱን በእንጨት እየፋቀ ሰማት።

«እንግዲህ ሽማግሌ እናስቀምጥ» አለ በመጨረሻ። «ለተገደለ ሰው ስንት ላም እንደሚከፈል አውቃለሁ። ለደብተር ግን አልሰማሁም። ወፍራም ነው?»

«መቶ ስድስት ገጽ።»

«እንግዲያው አንድ ወይፈን፤ ያውም እምቢተኛ።»

ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «ተናገሪ» አላት። «ለሲስተር ተናገሪ። በሆድሽ ይዘሽው አትዙሪ። የያዝሽው ነገር መንገድ አይመርጥም፤ ያገኘውን ነው የሚመታው።»

«እናገራለሁ» አለች። ያኔ ስትለው እውነት መስሏት ነበር።

ረቡዕ ሥልጠናው አማረ። ጥዑመልሳን ከአዲስ አበባ በበረዶ ሣጥን ይዞት የመጣው አልጂኔት በትክክለኛው ውኃ ተሟሙቶ የመጣ ነው፤ ምንም አላስቸገረም። እሱ በግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየ ያወራል፤ መርፌውን የሚይዙት ሠልጣኞቹ ናቸው። ረጅምና ለስላሳ ቱቦ እየተጠቀለለ ሳህኑ ውስጥ ወረደ። ሲስተር አበዛሽ በቀይ የምግብ ቀለም የተሞላውን ቱቦ በወረንጦ አንሥተው ቀይዋ ውኃ በመሃሉ ስትሄድ ሲያዩ ዓይናቸው ረጠበ። ሁሉም አጨበጨበ። ጥዑመልሳን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«እነዚህን ምክሮች ለማግኘት ስንት ሌሊት እንዳሳለፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው» አለ።

ያን ጊዜ ነው ኛሬአት የተነሣችው። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ እሷ ራሷ ገረማት።

«ነገ ገምጋሚዎቹ ሲመጡ ዶክተር ራሱ በእጁ ቢያሳየን እላለሁ። ከዱቄቱ ጀምሮ። ተዘጋጅቶ የመጣው አልቋል፤ ደግሞ እዚህ ባለው ነገር ሊሠራ እንደሚችል ቢያዩ ነው የሚሻለው።»

«እውነቷን ነው» አሉ ሲስተር አበዛሽ። ሠልጣኞቹ እንደገና አጨበጨቡ። ጥዑመልሳን ዙሪያውን አየ፤ እምቢ የሚልበት ቀዳዳ አጣ።

«በደስታ» አለ። «ውኃና ዱቄት ማዋሐድ ምን አለው።»

በማግስቱ ጠዋት ኳች ንጹህ ውኃ አምጣ ተብሎ በሁለት ጀሪካን ይዞ መጣ። ከማዕከሉ ጉድጓድ ቀድቶ በሸክላ ማጣሪያ ያሳለፈው ነው፤ ጥርት ያለ። በሩ ላይ ሲያገኛት ጀሪካኑን አወረደና አንዱን ክዳን ከፈተላት።

«ይሄ ይሆናል?» አለ።

ኛሬአት አየችው። ሰውየው የጠየቀው እሷን ነው። ከዚህ ቀደም ለእሷ ሥራ የዝናብ ውኃ ከጣሪያ እያጠራቀመ የሚያመጣላት ይኸው ሰው ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን ነግራው አታውቅም፤ እሱም ጠይቋት አያውቅም። የፈረንጅ አመል ነው ብሎ ትቶት ይሆናል። ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቷል፤ በርሜሉ ግን አሁንም ግማሽ ድረስ አለ። «በርሜሉን አምጣ» ብትል ነገሩ ያልቃል። ሥልጠናው ያምራል፤ ላብራቶሪው ይመጣል፤ ጥዑመልሳንም ተጨብጭቦለት ይሄዳል።

«ዶክተሩን ጠይቀው» አለች።

ኳች ጠየቀው። ጥዑመልሳን በብርጭቆ ቀድቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣ። «በጣም ጥሩ ነው፤ መስታወት የመሰለ» አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ገምጋሚዎቹ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ጥዑመልሳን ዱቄቱን መዝኖ ውኃው ውስጥ ጨመረ፤ አማሰለ። ወፈረ። ከጠበቀው በላይ ወፈረ። ኛሬአት ከኋላ ግድግዳ ተደግፋ የፈሳሹን መጎተት ታያለች። በዚህ ሙቀት ሊቀጥን የሚገባው ነገር እንደ ገንፎ ሲከብድ፣ የሚያውቅ ሰው እዚያው ያቆመው ነበር። ጥዑመልሳን ግን ወደ ገምጋሚዎቹ ዞሮ «ሙቀቱን እንዴት እንደተቋቋመ ታያላችሁ?» አለ።

ኛሬአት እጆቿን ብብቷ ሥር ቀበረች። 

ሁለቱን ስሪንጅ ሞላ፤ በሞተሩ ላይ አስቀመጠ፤ ቱቦዎቹን አገናኘ። ሞተሩ መግፋት ጀመረ። መጀመሪያ ከመርፌው ጫፍ አንድ ጣት የምታህል ክር ወጣች፤ ሴትዮዋ ገምጋሚ ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ከዚያ ክሯ ሰለለች፤ ጠብ ጠብ አለች፤ ቆመች። ካልሲየሙ ብቻ ሲያንጠባጥብ ቀረ።

«አንዳንዴ ይህ ያጋጥማል» አለ ጥዑመልሳን። «ፍጥነቱን ትንሽ እንጨምራለን።»

አትጨምር ይላል ደብተሩ፤ ዘጠነኛ ገጽ ላይ። የተዘጋ መርፌ ላይ ፍጥነት አይጨመርም። መመሪያው ውስጥም አለ፤ እሱ ራሱ ባተመው መመሪያ አሥራ ሦስተኛ ገጽ ላይ። ጨመረው። ሞተሩ አቃሰተ። ኳች «አጥፋው» አለ በአማርኛ፤ ፓምፕ የሚያውቅ ሰው ነውና ድምፁን ሰምቶ። ጥዑመልሳን እጁን ወደ ቁልፉ ሲሰድ ቱቦው ከስሪንጁ አፍ ተፈናጥሮ ወጣና ነጩን ዝልግልግ በሸሚዙ፣ በአገጩ፣ በፊተኛው ወንበር ባለው ሰውዬ ገምጋሚ ማስታወሻ ላይ ረጨው።

ማንም አልሳቀም። ኛሬአት ብቻ ውስጧ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ሲዘረጋ ተሰማት፤ ለዓመታት ተጣጥፎ የኖረ ነገር። ጥዑመልሳን አገጩን በመሐረብ ሲጠርግ፣ መሐረቡ ሲጣበቅበት፣ ሲያላቅቀው፣ እንደገና ሲጣበቅበት፣ አንዱንም ሳታስመልጥ አየችው።

«ውኃው ነው» አለ ጥዑመልሳን። ፊቱ ቀልቷል። «ሌላ ሊሆን አይችልም። ይሄን ውኃ ያመጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኳች።

«ምን አደረግህበት? ከየት ቀዳኸው? ንጹህ ውኃ ነው እኮ የተባልከው።»

«አሳየሁህ። አየህ። ጥሩ ነው አልክ።»

«እኔ ከየት እንደቀዳኸው በምን አውቃለሁ? አንተ ኃላፊነት የሌለህ ሰው፣ የአንድ ዓመት ሥራ ነው ያበላሸኸው።» ወደ ገምጋሚዎቹ ዞረ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። መመሪያው ችግር የለበትም። በእንደዚህ ዓይነት የሰው ኃይል ግን…»

ኳች ስድሳ ዓመት አልፎታል። ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተዘረጉት ስድስት የኑዌር ወንድነት ጠባሳዎች አልተንቀሳቀሱም። ወደ ጀሪካኑ ሄደ፤ ብርጭቆውን ሞላ፤ በሁሉም ፊት ቆሞ እስከ መጨረሻው ጠጣው።

«ይሄን ልጆቼ ይጠጣሉ» አለ በአማርኛው። «ቆሻሻ አይደለም።»

ሴትዮዋ ገምጋሚ አንድ ነገር ጻፉ። ሲስተር አበዛሽ ቀና ብለው ኳችን፣ ከዚያ ጥዑመልሳንን፣ ከዚያ ደግሞ ኛሬአትን አዩ። ኛሬአት ያሰበችው እዚህ ድረስ አልነበረም። ዕቅዷ የመርፌው መዘጋት ላይ ያበቃ ነበር፤ ጥዑመልሳን ሲዋረድ ማየት፣ ከዚያ ዝም። ዕዳው ወደ ኳች ይዞራል ብላ አንድም ጊዜ አላሰበችም። ወይም አስባ ነበር፤ ቶሎ አልፋው።

ወጣች። ከመሳቢያዋ ሰማያዊውን ደብተር ይዛ ተመለሰች፤ ገልጣ ለኳች ሰጠችው።

«ኅዳጉን አንብብላቸው።»

ኳች በቤተ ክርስቲያን የኑዌርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ነው። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። በኑዌርኛ ጮክ ብሎ አነበበ፤ ከዚያ ቃል በቃል እየፈለገ ወደ አማርኛ መለሰው። ቤት የጉድጓዱ ውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። ነጩ ነገር ካልሲየም ነው። ዱቄቱ በእሱ ከተሟሟ መርፌው ጋ ሳይደርስ ይረጋል። መጨረሻው ላይ ድምፁ ዘገየ።

«ቀን አለው?» አሉ ሲስተር አበዛሽ።

ኳች ቀኑን አነበበ፤ መመሪያው ከመታተሙ አንድ ዓመት ይቀድማል። ሲስተር አበዛሽ ደብተሩን ተቀብለው ከመመሪያው ጋር ጎን ለጎን ዘረጉት። ገጽ ገለጡ፤ ሌላ ገጽ ገለጡ። ሥዕሎቹ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አቆሙ።

«ዶክተር፣ እርስዎ በየትኛው እጅዎ ነው የሚጽፉት?»

«የጋራ ሥራ ነበር» አለ ጥዑመልሳን። «ላብራቶሪ ውስጥ ሁሉም ነገር የጋራ ነው።»

«እንግዲያው መርፌውን ክፈተው» አለች ኛሬአት።

«ምን?»

«ተዘግቷል። የተዘጋ ድርብ መርፌ በምን ይከፈታል? መመሪያህ ላይ አለ።»

ጥዑመልሳን መርፌውን ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ፈልገው። እንጠብቅሃለን።»

በሰው ሁሉ ፊት የራሱን መመሪያ ገለጠ። ጣቶቹ ይጣበቃሉ፤ ወረቀቱ ከጣቱ ጋር ይነሣል። አንደኛዋ ሠልጣኝ ገጹን ልትነግረው አፏን ስትከፍት ኛሬአት በዓይኗ አስቆመቻት። ጠበቁት። ረጅም ጊዜ ነበር፤ ለእሷ ግን አልረዘመም። ቢቻላት እስከ ማታ ታቆመው ነበር።

«ሶዲየም ሲትሬት» አለ በመጨረሻ።

«ለምን?»

«ካልሲየሙን… ይስበዋል። ከዝልግልጉ ውስጥ ያወጣዋል።»

«ስንት ደቂቃ?»

መመሪያው ደቂቃውን አልጻፈም። ደብተሩም ውስጥ ያለው በኅዳጉ ላይ ነው።

«አላውቅም» አለ ጥዑመልሳን።

«ጮክ በል፤ ከኋላ አልተሰማም።»

«አላውቅም።»

ኛሬአት ጣፈጣት። ይህን መካድ አትችልም። ያ ቃል ከአፉ ሲወጣ የአውቶቡስ ማቆሚያው፣ የፕሮፌሰሩ ቢሮ፣ በባጃጅ የሚጮኹት ዘመዶቿ ሁሉ አንድ ጊዜ ዝም አሉ።

ሲስተር አበዛሽ ደብተሩን ዘግተው እጃቸውን ላዩ ላይ አደረጉ።

«ኛሬአት። ዛሬ ጠዋት ውኃውን አይተሽው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታውቂ ነበር?»

ኳች መነጽሩን ገና አላወለቀም። ወደ እሷ ዞረ።

«አውቅ ነበር» አለች።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር አበዛሽ ቢሯቸው ጠሯት። ጥዑመልሳን ሻንጣውን ይዞ ሄዷል፤ ከመሄዱ በፊት የመመሪያው ደራሲ እሷ መሆንዋን የሚገልጽ ደብዳቤ በገምጋሚዎቹ ፊት ፈርሟል። ደብዳቤውን አቀበሏት።

«ስምሽን አግኝተሻል፤ ይገባሽ ነበር» አሉ። «ቀድመሽ ብትነግሪኝ እኔው ራሴ አንጠልጥዬ እመልሰው ነበር። ላብራቶሪው ግን ለሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። ኃላፊውንም ያን ጊዜ እናያለን።»

«እኔን ማለትዎ ነው?»

«እናያለን ነው ያልኩት። የዛሬው ዱቄትና ውኃ ነበር። ነገ ሕጻን ቢሆንስ፣ የጠላሽው ሐኪም ሲሳሳት ቆመሽ ታዪዋለሽ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱን አላገኘሁትም። አንቺ አለሽ?»

ኛሬአት «አላይም» ልትል ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ቀረ። ጠዋት በሩ ላይ ጀሪካኑ ተከፍቶ ሳለ ምን ያህል ቀላል እንደነበረ አስታወሰች። እንደገና ያቺ ጠዋት ብትመጣ ምን ታደርግ እንደሆነ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱ ቶሎ መጣ፤ የመጣበት ፍጥነት አስደነገጣት። ደብዳቤውን አጥፋ ወጣች።

ኳች ላብራቶሪው ውስጥ ብቻውን ነበር። ወለሉን አጥቧል፤ ሞተሩን ፈትቶ ዝልግልጉን በጥርስ ብሩሽ እያነሣለት ነው። የተዘጋው ድርብ መርፌ ፊቱ በብርጭቆ ተቀምጧል።

«አጎቴ» አለች።

«ሲትሬቱ የቱ ነው?»

ከመደርደሪያው አውርዳ ሰጠችው። በዝናብ ውኃ የበጠበጠችው ነው። ብርጭቆው ውስጥ ጨመረ፤ መርፌው ሰጠመ።

«ፊቱን አይተኸዋል ግን?» አለች። መሳቅ አማራት፤ ብቻዋን መሳቅ አልፈለገችም። «ያ መሐረብ ሲጣበቅበት?»

«አየሁት።»

«ደስ አላለህም?»

ኳች ብሩሹን አስቀመጠ። «ደስ ይለኝ ነበር» አለ። «እሱ ስምሽን ወሰደብሽ። እኔ ምን ወሰድሁብሽ?»

 ወንበር ስባ ተቀመጠች። ውጭ ከማንጎው ላይ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ በከባድ ክንፉ ተነሥቶ ወደ ባሮ ሄደ፤ ጥላው በመስኮቱ አለፈ።

«ስንት ደቂቃ ነው?» አለ ኳች።

«ሃያ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ሞተሩን ሲሠራላት፣ ወፍራሙንና ቀጭኑን መርፌ በአጉሊ መነጽር ሥር ሲያስማማላት፣ ያለችውን ሁሉ ያለ ጥያቄ ያደርግ ነበር።

«ሃያ ነው» አለች። «ከዚያ በዝናብ ውኃ ይታጠባል። በጉድጓዱ አይደለም።»

«ከዝናብ ውኃው ሌላ ያልነገርሽኝ አለ?»

«አለ።»

«ንገሪኝ።»

ነገረችው። ዱቄቱ በጠዋት ብርድ ካልተሟሟ በቀትር ውኃው እየተነነ መጠኑ እንደማይታወቅ፣ የሞላው ስሪንጅ እርጥብ ጨርቅ ተጠምጥሞበት እንደሚቀመጥ፣ በዶፍ ጊዜ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ከመርፌው መነቀል ያለበት የትኛው ቱቦ እንደሆነ። ኅዳጉ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ኅዳጉ ላይ ያልጻፈችውንም። ኳች አልጻፈም፤ ጭንቅላቱንም አልነቀነቀም። ሰዓቱን ከክንዱ ፈትቶ ብርጭቆው አጠገብ አስቀምጦ ነበር፤ ዓይኑ እዚያ ነው።

ሃያው ሲሞላ መርፌውን በወረንጦ አወጣ፤ ከበርሜሉ በተቀዳው ውኃ ሁለት ጊዜ አሳለፈበት። ኛሬአት ለማየት ግራ እጇን ዘረጋች። ኳች ግን ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በቀዳዳው በኩል ብርሃኑን ራሱ አየ።